ምን አብልታው ነው?

«ምን አብልታው ነው እንጂ፣ የአርባ ሦስት ዓመት ጎረምሳ እንዲሁ ከመሬት ተነስቶ ይሞታል?» አለች እማማ። ድምጿን ዝቅ ያደረገች መስሏታል፤ የእማማ ዝቅ ያለ ድምፅ ግን ሁለት ግድግዳ አልፎ ጎረቤት ይደርሳል። ሳሎኑንና ኩሽናውን የሚለያቸው አንድ ስስ የእንጨት ግድግዳ ብቻ ስለነበር፣ ኩሽና ውስጥ ቆመው ብርጭቆ የሚያጥቡት ሁለት ሴቶች ቃሉ ሳይዛነፍ ሰሙት። አንደኛዋ የሟች እህት ናት፤ መሐል ከተማ ትንሽ ፎቶ ቤት ስላላት ሰፈሩ ሁሉ ፎቶ አንሺዋ ነው የሚላት። ሁለተኛዋ የሟች ሚስት፣ አስተማሪዋ ናት። አስተማሪዋ በፎጣ ስትወለውለው የነበረውን ብርጭቆ አላስቀመጠችም። ደርቆ ያበቃውን ብርጭቆ ደግማ ወለወለችው፤ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ አየችውና አሁንም ወለወለችው።

«ቅባት ታበዛ ነበር አሉ» የሚል የእንግዳ ድምፅ መጣ ከወዲያ።

«ቅባቱስ ባልከፋ፤ ንዝንዙ ነው» አለች እማማ። «እኔ ያሳደግሁት ልጅ ልቡ ብረት ነበር። ብረትም ቢሆን ሲነዘነዙት ይዝጋል።»

የፎቶ አንሺዋ ንዴት ከእግር ጥፍሯ ተነስቶ አናቷ ላይ ወጣ። ወንድሟ አናጢ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት የቁም ሣጥን በር ሲገጥም ደረቱን ይዞ ተቀመጠ፤ እንደተቀመጠም ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእማማ ሳሎን ሰው ሲገባበትና ሲወጣበት ነው የከረመው፤ የገባ ሁሉም ያንኑ ጥያቄ እየሰማ፣ ያንኑ ሻይ እየጠጣ ይወጣል። እማማ የአባታቸው እህት ናት። አባታቸው ሲሞት ሦስቱን ልጆች ሰብስባ ያሳደገችው እሷ ስለሆነች ሁሉም እማማ ይሏታል፤ ውለታዋ ከብዶባቸው አንዳቸውም ፊት ለፊት ተናግረዋት አያውቁም።

በዚህ ቤት ወንድ ሲሞት ጥፋተኛ አይታጣም። አያታቸው በአጥር ተጣልቶ በንዴት ሞተ ተባለ፤ ጥፋተኛው ጎረቤቱ ሆነ። አባታቸው ሲሞት ላቡ ሳይደርቅ ቀዝቃዛ ውሃ የሰጠችው ሠራተኛ ያን ዕለት ተባረረች። አጎታቸውን የገደለው እድገት የከለከለው አለቃው ነው። ሁሉም ደረታቸውን ይዘው ነው የወደቁት፣ አንዳቸውም ሃምሳን አላዩም፤ ይህን ግን ደርድሮ ያየ ሰው አልነበረም። በዚያ ላይ ኩራቱ አለ። ከዚህ ቤት ሰዎች ብዙዎቹ ሠላሳን ሲሻገሩ የዓይናቸው ቆብ ላይ፣ ወደ አፍንጫቸው በኩል፣ ቢጫ ነጠብጣብ ያወጣሉ። እማማ «ወርቃችን» ትለዋለች፤ ያወጣውን «የኛ ነው» ብላ ትመርቀዋለች። ፎቶ አንሺዋ አርባ ዓመት ደፍና እንኳ ወርቁ ስላልወጣላት «አንቺ መቼም ከሆስፒታል ተለውጠሽ ነው የመጣሽብን» እየተባለ ሲቀለድባት ኖሯል። አንድ ጊዜ የቤተሰቡን ፎቶ ስታሳምር ያን ቢጫ ነጠብጣብ ከሁሉም ዓይን ላይ አጥፍታው፣ እማማ ፎቶውን ወርውራ «የማን ዘር ነው ብለሽ ነው የምትፍቂው?» ብላታለች።

ወንድሟን የተቀበለችው ሐኪም ግን የዓይኑን ቆብና ከተረከዙ በላይ ያበጠውን ጅማት አይታ የቤተሰቡን ሰዎች አንድ በአንድ ጠየቀች። «ይህ ወርቅ አይደለም፣ የደም ቅባት ነው» አለች። ጉበት ቅባቱን ከደም እየለቀመ ማጽዳት አለበት፤ የሚለቅምበትን ትእዛዝ ሰው ከእናትና ከአባቱ ይወርሳል። ዘረመል የሚባለው ይኸው ትእዛዝ ነው። ከአንድ ወላጅ የተበላሸ ትእዛዝ የወሰደ ልጅ የፈለገውን ቢበላ፣ የፈለገውን ቢሮጥ፣ ቅባቱ ከልጅነቱ ጀምሮ ደም ሥሩ ላይ እየተጋገረ ያድጋል። ለእያንዳንዱ ልጅ ደግሞ ዕጣው ግማሽ በግማሽ ነው። እህት ወንድሞቹና ልጁ ይመርመሩ ብላ አሰናበተቻቸው። ፎቶ አንሺዋ በማግስቱ ተመርምራ ነፃ ወጣች። ደስ አላላትም፤ እንዲያውም እንደ አኮረፈ ሰው ሆና ነው ከላብራቶሪው የወጣችው።

ብርጭቆዎቹን በትሪ ደርድራ ወደ ሳሎን ገባች። ሶፋው ላይ የተጣበቡት ሦስት እንግዶች ሲያይዋት አንዷ ጣሪያውን፣ አንዷ ጫማዋን፣ አንዷ የጠፋውን ቴሌቪዥን ማየት ጀመሩ። እማማ ብቻ አላፈረችም።

«ሰምተሻል? ከሰማሽ ጥሩ፤ ለእሷም ንገሪያት። ልጅቷ ከዛሬ ጀምሮ እኔ ጋ ነው የምታድረው። ቦርሳዋን አስመጥቻለሁ። የልጄን ልጅ ለእንዲህ ያለ እጅ አልተውም።»

«ለምን ዓይነት እጅ?»

«እጇን እሷ ታውቀዋለች።»

«እማማ፣ ሐኪሟ ያለችውን ነግሬሻለሁ። በደም የሚወርድ ነው፤ የመጣው ከእኛ ቤት ነው።»

እማማ የሻይ ማንኪያውን ሳህኑ ላይ ጣለችው። «ከእኛ ቤት? እኛ ቤት ምን አለ? እኔ ይኸው ሰባን አልፌ ቁጭ ብያለሁ፤ ወርቁም ዓይኔ ላይ ነው፤ ለምን እኔን አልገደለኝም? ዘረመል ምናምን እያልሽ ዘራችንን ሰው ፊት አትዘርጥጪ። ሙት ወቃሽ አትሁኚ!»

ለዚህ መልስ አለው። መልሱ ግን ረጅም ነው፤ እማማ ደግሞ ከአንድ ትንፋሽ የሚረዝም መልስ ሰምታ አታውቅም። ፎቶ አንሺዋ ትሪውን አስቀምጣ ወጣች። ከሶፋው ጎን፣ ግድግዳ ተደግፋ፣ የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጅ ሰማያዊ ቦርሳ ቆሟል። ልጅቷ ራሷ ጓዳ ገብታ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ግንባሯ፣ አገጯ፣ ስታስነጥስ እንኳ የምታሰማው ድምፅ፣ ቁርጥ አባቷ ነው፤ ያያት ሁሉ «እሱ ነው እኮ ተመልሶ የመጣው» ይላል።

አስተማሪዋ ጓሮ ወጥታ የእጣቢ ውሃ ስትደፋ አገኘቻት። ከትናንት ወዲያ፣ ሁለቱ ተማክረው፣ ከትምህርት ቤት መልስ ልጅቷን ደም አሰጥተዋታል። ለእማማ አልነገሯትም።

«ዛሬ ነው አይደል ውጤቱ?» አለች አስተማሪዋ።

«ዛሬ ነው። ቀትር ላይ።»

አስተማሪዋ ሳፋውን ደፍታ በእጇ መታ መታ አደረገችው። «ማታ ልጸልይ ተንበረከክሁልሽ፤ ምን ብዬ እንደምጸልይ ጠፋኝ። ልጄ ላይ ከተገኘ እኔ ነፃ ወጣሁ፤ ከእናንተ የወረደ መሆኑን ሁሉም ያያል። ካልተገኘ ልጄ ተረፈች፤ እኔ ግን ባሏን እንደበላች እቀራለሁ፣ ልጄንም ይወስዱብኛል። እስቲ አንቺ ንገሪኝ፣ የትኛውን ነው የምለምነው?»

«እንደሱ አይደለም እኮ! እሷ ባትወርስም አባቷ የለበትም ማለት አይደለም፤ ግማሽ በግማሽ ነው…»

«እኔ ገብቶኛል» አለች አስተማሪዋ። «ማስረዳት ያለብሽ እኔን አይደለም።»

ይህቺ ቃል ናት ፎቶ አንሺዋን ከግቢው ያባረረቻት። የሟች ደም ተቀብሯል፤ የእሷ ደም ነፃ ነው፤ ለእማማ ማስረጃ የሚሆን የቀረ አንድ ሰው አለ። ታናሽ ወንድሟ ሾፌር ነው። በእነዚህ ሦስት ሳምንታት ውስጥ እመረመራለሁ እያለ ቀጥሯት የቀረበትን ቀን መቁጠር ትታለች። ስልኩን አያነሳም፣ ይጮኻል ይጮኻል ይዘጋል። ስለዚህ እሱ በሚሠራበት መስመር ፌርማታ ላይ ቆማ፣ ፀሐይ አናቷን እየመታት፣ የሱ ያልሆኑትን መኪኖች ሁሉ አሳለፈች። የሱ ሚኒባስ ሲመጣ ትታወቃለች፤ በሯ ላይ ተንጠልጥላ መድረሻውን የምትጣራው ረዳት ሚስቱ ናት። ባል ይነዳል፣ ሚስት ሒሳብ ትቀበላለች፤ ድምጿ ከጥሩምባው ይበልጣል። ረዳቷ የባሏን እህት አይታ ሳቀችና ከሾፌሩ ኋላ ያለውን ወንበር አስለቀቀችላት።

«ስልክህ ምን ሆነ?» አለች ፎቶ አንሺዋ ወደ ጆሮው ተጠግታ።

«ቻርጅ የለውም።»

ስልኩ ከመሪው አጠገብ ተሰክቶ ሙዚቃ እያጫወተ ነበር።

«ትናንት ላብራቶሪው በር ላይ አቁመኸኝ ቀረህ።»

«ጎማ ፈነዳብኝ።»

«ባለፈው ሳምንትስ?»

«ትራፊክ ያዘኝ። ኧረ ተይኝ እቴ፣ ተሳፋሪ ይሰማል!»

«ይስማ! አባታችን በአርባ አራት ሞተ፣ አጎታችን በአርባ ሰባት፣ ወንድማችን በአርባ ሦስት። አንተ ሠላሳ ሰባት ነህ። ስንት ቀረህ ብዬ ነው ዝም የምልህ?»

ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ጫጫታ ፀጥ አለ። ሾፌሩ ሙዚቃውን ከፍ አደረገው፤ ከኋላ የሆነ ሰው «ቀንሰው እስቲ፣ እንስማበት» አለው። መጀመሪያ የተናገሩት ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል የያዙ አንድ ሽማግሌ ናቸው። «ልጄ፣ ሰው ቀኑ ካልደረሰ አይሞትም። ቀኑ ከደረሰ ደግሞ ምርመራ አያቆመውም።»

«ተዉ እንጂ አባባ!» አለች ከሳቸው አጠገብ ቅርጫት ያቀፈች ሴትዮ። «የእህቴንም ባል ቀኑ ነው፣ ቀኑ ነው እያልን ነው የቀበርነው። በኋላ ወንድሙ ሲመረመር በደም የሚሄድ ነው ተባለ። እሱ ይኸው እስከ ዛሬ መድኃኒቱን እየዋጠ ይዘላል።»

«ወራጅ አለ!» አለ አንድ ወጣት። የሰማው የለም።

«እኔ አባቴን አልመስልም» አለ ሾፌሩ፣ ለእህቱ ይሁን ለተሳፋሪው ሳይለይ በመስታወቱ እያየ። «ጠይቁ፣ ማንም ይነግራችኋል፣ ቁርጥ እናቴን ነኝ። ዓይኔም ላይ ያ ነጠብጣብ የለም። አላጨስም። ጠዋት ጠዋት እሮጣለሁ። ደህና ሰው ምን ቸገረው ብሎ በሽታ ፍለጋ ይሄዳል?»

«ወራጅ አለ እኮ! አሳለፋችሁኝ!»

ረዳቷ በሩን ዘግታ ወደ ውስጥ ገባች። ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ጠፍቷል። «የምን ምርመራ ነው?»

ሾፌሩ ዓይኑን ከመንገዱ አላነሳም። ፎቶ አንሺዋ ያን ጊዜ ነው የገባት፤ ለሚስቱ ትንፍሽ አላለም።

«የምን ምርመራ ነው አልኩ! ሰሞኑን እየባነንህ ደረትህን የምትደባብሰው ለዚህ ነው? ስጠይቅህ ጨጓራዬ ነው የምትለኝ?» መልስ አልጠበቀችም። «አቁም።»

«እዚህ? ፌርማታ እኮ አይደለም…»

«አቁም አልኩህ!»

መኪናው ጥግ ይዞ ቆመ። ረዳቷ ወደ ተሳፋሪው ዞረች። «ወገኖቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ሒሳባችሁን እመልሳለሁ። ተበላሽቷል።»

«ምን ተበላሸ? ደህና ይሄድ የለም እንዴ?» አሉ ሽማግሌው።

«መኪናው አይደለም አባባ፤ ሾፌሩ ነው።»

ወጣቱ ካለፈው ሰፈሩ ሁለት ፌርማታ ርቆ እያጉረመረመ ወረደ። ባለቅርጫቷ ሴትዮ ስትወርድ ሾፌሩን ትከሻውን ቸብ አድርጋ «አይዞህ፣ መርፌዋ ትንኝ ናት» አለችው። ሽማግሌው ግን አልወረዱም፤ እኔ የምሄደው ወደዚያው ነው ብለው እስከ ላብራቶሪው ድረስ ስለ ቀን መድረስ እየተናገሩ ሄዱ።

ላብራቶሪው ከጫማ ሱቅ በላይ ነው፤ ደረጃው ጠባብ፣ ወንበሮቹ የፕላስቲክ፣ ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ አረንጓዴ። ሾፌሩ ደም ሲሰጥ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ሚስቱ የሌላኛውን እጁን አውራ ጣት ጨብጣ ቆመች። ምርመራው ከአንድ ጎማ ጥገና ያነሰ ዋጋ እንደሆነ ስትሰማ አየችው፣ ዝርዝር ብሩንም እፊቱ አንድ በአንድ ቆጥራ ከፈለች። የልጅቷ ውጤት ደርሶ ኖሮ፣ እዚህም የምትሠራው ያቺው ሐኪም ፎቶ አንሺዋን ጠርታ ነገረቻት። ነፃ ናት። ቅባቷ እንደ ማንኛውም ልጅ ነው፤ የአባቷ የተበላሸ ትእዛዝ አልደረሳትም። ፎቶ አንሺዋ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ለአስተማሪዋ ደወለች። በስልኩ ውስጥ የሳህን ድምፅና የእማማ ድምፅ ይሰማ ነበር። ነገረቻት። «ተመስገን» አለች አስተማሪዋ። ከዚያ ስልኩን ዘጋችው።

የሾፌሩ ውጤት አመሻሹ ላይ ደረሰ። ሐኪሟ ወረቀቱን ወደ እሱ አዞረችለት። ቅባቱ ከሚገባው ከእጥፍ በላይ ነው።

«እኔ እኮ እናቴን ነው የምመስለው» አለ ሾፌሩ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነ።

«ፊትህ እናትህን መስሏል፤ ጉበትህ አባትህን» አለች ሐኪሟ። «ልጅ ከወላጁ ሁሉንም ጠቅልሎ አይወስድም፤ አንዱን ከዚህ፣ አንዱን ከዚያ እያነሳ ነው። የወንድምህ ልጅ ግንባሩንም ድምፁንም ከአባቷ ወስዳ ይህን ትታለታለች። አንተ መልኩን ትተህ ይህን ወሰድክ። ነጠብጣቡም ቢሆን አንዱ ላይ ይወጣል፣ አንዱ ላይ አይወጣም። ግን ስማኝ፣ ወንድምህ ሳያውቀው ነው የሄደው። አንተ አውቀኸዋል። በየቀኑ የሚዋጥ መድኃኒት አለው፤ ከዋጥክ፣ እየመጣህ ከታየህ፣ እንደ ሰው ታረጃለህ ብዬ ነው የማስበው።»

«አክስታችን ግን ሰባን አልፋለች» አለች ፎቶ አንሺዋ። «ነጠብጣቡ አለባት። ለምን እኔን አልገደለኝም ትላለች።»

«ሴቶችን ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚይዛቸው፤ የሚያመልጡም አሉ። ማምለጥ ግን የለባትም ማለት አይደለም። እሷንም ይዛችሁልኝ ኑ።»

ሾፌሩ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «እሷን? እሷ ከመጣች እርስዎን ነው የምትመረምርዎት።» ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረና ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። መድኃኒቱን ከተቀበሉ በኋላ ሾፌሩ ደረጃው ላይ «ለማንም እንዳትናገሩ» አላቸው። «በተለይ ለእማማ።» ለዚህ ነበር እንዴ ፎቶ አንሺዋ ቀኑን ሙሉ የተንከራተተችው? የሰው ልጅ ሁሉ ጤናውን ሳይሆን ስሙን ብቻ የሚጠብቅ መሰላት። «እንደፈለግህ» አለችው፤ «ከእኔ አፍ ግን ውሸት አትጠብቅ።»

የእማማ ሳሎን ሲደርሱ እንግዶቹ ሄደዋል። መብራቱ በርቷል፣ የብርጭቆዎቹ ክብ ምልክት ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል። እማማ በወንበሯ፣ አስተማሪዋ በሩ አጠገብ ባለው በርጩማ ላይ፣ ልጅቷ በሁለቱ መሐል ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሲጠባበቁ የቆዩ ይመስላሉ። ፎቶ አንሺዋ ሳትቀመጥ ልጅቷ መመርመሯንና ነፃ መሆኗን ተናገረች።

«ሳትነግሩኝ?» አለች እማማ። ቁጣዋ ግን ከመነሳቱ ሌላ ነገር ቀደመው፤ ፊቷ በራ። «ንጹህ ናት? አላልኩም! ዘራችን ንጹህ ነው አላልኩም?» ወደ አስተማሪዋ ዞረች። «እንግዲህ እኛ ደም ውስጥ ምንም ከሌለ፣ ልጄ በምን ሞተ?»

«እማማ!» አለች ፎቶ አንሺዋ። «እሱ ሁለት ነበረው፣ አንድ ደህና፣ አንድ ብልሽት! ደህናውን ሰጣት! ሁለት ካርድ እንደያዘ ሰው ነው፤ አንዱን…»

«ካርድ ተጫዋች አደረግሽው ደግሞ ሟቹን?»

አስተማሪዋ ከበርጩማው ተነሳች። «ተዪው የኔ እህት» አለች ፎቶ አንሺዋን። ከዚያ ወደ እማማ ዞረች፤ ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ፊት እንደምትቆመው ቀጥ ብላ ቆመች። «ይሁን እማማ። እኔ ነኝ ይበሉ። አብልቼ ይበሉ፣ ነዝንዤ ይበሉ፣ ለመጣ ለሄደው ሁሉ ይንገሩ። ልጄ ደህና ናት። ከዚህ በኋላ የሚሉኝን ሁሉ እችለዋለሁ። ልጄን ግን አልሰጥዎትም።»

እንዲህ ያለ አነጋገር እዚያ ቤት ውስጥ ተሰምቶ አያውቅም። እማማ ከወንበሯ ልትነሳ ስትል ሾፌሩ ከበሩ ተላቆ ወደ መሐል ገባ።

«እማማ፣ እኔ ላይ ተገኝቷል።»

«ምኑ?»

«ወንድሜን የገደለው። እኔም ደም ውስጥ አለ። ዛሬ አየሁት። አባቴንም የገደለው እሱ ነው፤ ያቺን ሠራተኛ በከንቱ ነው ያባረርናት።»

እማማ እጇን ዘርግታ እጅጌውን ያዘች። ፎቶ አንሺዋ እማማ ስትፈራ ያየችው ያኔ ነው። አሁን ገባት፣ አሁን ተሸነፈች ብላ ጠበቀች። የእማማ ዓይኖች ግን ከሾፌሩ ፊት ተነስተው፣ ትከሻውን አልፈው፣ በሩ ላይ የቆመችው ረዳት ላይ አረፉ።

«አንቺ! ምን እያበላሽው ነው?»

ፎቶ አንሺዋ ግድግዳውን መንከስ አማራት።

ረዳቷ ግን አስተማሪዋ አይደለችም። «ዳቦና ሙዝ ነዋ!» አለች። «ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ ለሚውል ሰው ምን ላብላው? ደሙን ግን እኔ አልሰጠሁትም እማማ። ከነደሙ ነው መርቃችሁ የሰጣችሁኝ፤ እኔ እንዲያውም ሳላውቅ ነው የተረከብኩት!»

«እሰይ፣ ምላስ!»

«በቃ!» አለ ሾፌሩ። ጮኾ አያውቅም፤ ልጅቷ ከምንጣፉ ብድግ አለች። ሾፌሩ ግን ድምፁን መልሶ ዝቅ አደረገ። «በቃ እማማ። ያቺን ትተሽ ይቺን፣ ይቺን ትተሽ ያቺን። መድኃኒቱን እውጣለሁ፣ እኖራለሁ ብዬም ነው የማስበው። ድንገት ካልኖርኩ ግን፣ ሁላችሁም እዚሁ ስሙኝ፤ ሚስቴ አልገደለችኝም። የወንድሜም ሚስት አልገደለችውም። ይህን ከአሁኑ እናገራለሁ፤ ሬሳ መናገር አይችልምና።»

ከኩሽና የቧንቧ ጠብታ ይሰማል። እማማ የሾፌሩን እጅጌ አልለቀቀችም። ይቅርታ አላለችም፤ የምትልም አልነበረችም። ማንንም ሳታይ፣ በተሰበረ ድምፅ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «መድኃኒቱ… ከምግብ በፊት ነው በኋላ?»

«በኋላም ይሆናል» አለች ረዳቷ። እሷም ድምጿ ቀንሷል።

አስተማሪዋ ሰማያዊውን ቦርሳ አነሳች። ልጅቷ ሳትጠየቅ ጫማዋን ማጥለቅ ጀመረች።

«እራት ሳትበሉ?» አለች እማማ።

«ይቆየን» አለች አስተማሪዋ።

ፎቶ አንሺዋ ቦርሳውን ተቀብላት አብራ ወጣች። መንገዱ ላይ ሱቆች እየዘጉ ነበር። ስለ ቤተሰቡ ይቅርታ ልትጠይቃት ፈለገች፤ ከየት እንደሚጀመር ግን ግራ ገባት። «እኔ እኮ…» ብላ ጀመረች።

«አንቺ ምን አደረግሽ?» አለች አስተማሪዋ። ጥቂት ሄዱና በተዘጋ የዳቦ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቀስ ብላ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። «ሦስት ሳምንት ሙሉ መልስ ስሰጥ ነው የከረምኩት። ምን አበላሁት፣ ምን ተናገርኩት፣ የት አመሸሁ። ጠዋት ስነሳ የምመልሰውን እያሰብኩ ነው የምነሳው። እሱን እኮ… አንድ ቀን እንኳ እሱን አላለቀስኩትም።»

ከዚያ አለቀሰች። እንደ ትልቅ ሰው አልነበረም፤ ተንሰቅስቃ፣ አፏን ሳትሸፍን፣ ስሙን እየጠራች ነው ያለቀሰችው። ልጅቷ ወደፊት ሄዳ ነበርና ተመለሰች፤ እናቷ አጠገብ ተጣብቃ ተቀመጠችና እሷም ለአባቷ አለቀሰች። ፎቶ አንሺዋ ከመንገዱ እንዳይታዩ ጀርባዋን ለመንገደኛው ሰጥታ ከፊታቸው ቆመች።

አንድ ሚኒባስ አጠገባቸው ቆሞ ረዳቱ «ትሳፈራላችሁ?» አለ። በእጇ ሂድ ብላ አሳለፈችው። ሌላ መጣ። እሱንም አሳለፈችው።